ጎሚኒው ገና አልመጣም

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጆሮህስ? አክስቴስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ከርሜ ድንገት ተነሥቼ "ደህና ነኝ" ማለት ቢያሳፍረኝም፣ ደህና ነኝ። ይቅርታ የምጠይቅበት ብዙ ነገር አለ። አንተ ግን በማስታወሻህ የጠየቅከኝ "ስንት ቀን ይፈጅብሻል?" ብለህ ብቻ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሰዓትህ ትናንት በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ደረሰኝ። በምሠራበት የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። አባዬ፣ በዚህ ሰዓት እስካሁን ወደብ ውስጥ ስትጠልቅ መኖርህ ይገርመኛል። መስታወቱ ከመቧጨሩ ብዛት ቁጥሮቹ ከሩቅ የሚታዩ ይመስላሉ። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉት ሦስቱ የጎማ ቀለበቶች፣ እኛ ጎሚኒ የምንላቸው፣ ሁሉም አልቀዋል። የጀርባ ክዳኑ ጎሚኒ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። የመስታወቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጎኑ ያለችው የመሙያ ቁልፍ ጎሚኒ ደግሞ ገና በወረንጦ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ከስድስት ቁጥር በላይ የደረቀች የውሃ ጠብታ ምልክት አለች። እሷን አይተህ እንደላክኸው ገብቶኛል፤ ውሃ ያስገባ ሰዓት አስሬ አልወርድም ብለህ ከድሮ ጀምሮ የማልክ ሰው ነህ።

ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ ሰዓቱን የጠቀለልክበትን ወረቀት። ሆን ብዬ አይደለም ያነበብኩት፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። የጆሮ ሐኪሙ ወረቀት ነው። የቀኝ ጆሮህ ታምቡር ሁለት ጊዜ እንደተቀደደ፣ የግራውም እንደሳሳ፣ ሦስተኛ ጊዜ ውሃ ውስጥ እንዳለህ ቢቀደድ ላይና ታቹ ተምታቶብህ መውጫው ሊጠፋብህ እንደሚችል ይላል። ከሥሩ "ጨርሶ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ" ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ወረቀቱን በመዳፌ ዘረጋግቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አባዬ፣ አሁንም ትወርዳለህ?

ስለ ጥያቄህ፦ በዚህ ልክ የተሠራ ጎሚኒ እዚህ ከተማ የለም። አዝዣለሁ። መቼ እንደሚመጣ አልታወቀም።

ልጅህ ወረንጦ

.

ጥቅምት 17

ለልጄ ለወረንጦ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አክስትሽም "ሳሚልኝ፣ ከስታ እንደሆነም ጠይቅልኝ" ብላለች። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልክ የሚሉት ነገር ለእኔ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ባለፈው አክስትሽ ጆሮዬ ላይ ለጥፋልኝ፣ አንቺ ስታወሪ እኔ የሰማሁት የወፍጮ ድምፅ ነበር። ደብዳቤ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ወረቀቱ እጄ ላይ የተገኘ ነው፤ ሐኪሞች ለሁሉም ሰው የሚጽፉት አንድ ዓይነት ነው። ይልቅ እዚህ ያለውን ልንገርሽ። የመርከብ መቆሚያው ምሰሶዎች ይመርመሩ ተብሎ ታዟል፤ አሥራ ስምንት ምሰሶ ከነሥሩ። አለቃው ጠዋት ጠዋት ከቢሮው ብቅ እያለ በቅጽል ስሜ "መልህቁ፣ መቼ ነው የምትወርደው?" ይለኛል። እኔም "ሰዓቴ ልጄ ጋ ነው" እለዋለሁ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያለዚያ ሰዓት አልወርድም።

ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። የወደብ ውሃ በሥዕል እንደምታዪው ሰማያዊ አይደለም። ጭቃ ነው። እጅሽን ብትዘረጊ እጅሽን አታዪውም። ምሰሶውን በመዳፌ እየዳበስኩ ነው የምሠራው፤ በዓይኔ የማየው ነገር ቢኖር መነጽሬ ላይ የምለጥፈው ሰዓቴ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ የሰው ሰዓት ተውሼ ወረድኩና ውስጡ ጉም ሞላው። አሥር ደቂቃ የቆየሁ መስሎኝ አርባ ቆይቼ ኖሯል። ከላይ ገመዴን የያዘው ጓደኛዬ ጠርጥሮ ባይጎትተኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምታነቢውም አንቺ አትኖሪም ነበር።

አዲስ መስታወት ስታስገቢ አሮጌውን እንዳትጥዪው። ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ ያለው ረጅሙ ጭረት የእኔ ሳይሆን የአንቺ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ውስጡን ላየው ብለሽ በወጥ ቤት ቢላ ስትታገዪው አንሸራተተሽ። ከዚያ አልጋ ሥር ገብተሽ እስከ ራት ድረስ አልወጣም አልሽ። "ይቺ ወረንጦ" ያልኩሽ የዚያን ዕለት ነው።

በይ ቶሎ በይ።

አባትሽ

.

ኅዳር 2

አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጎሚኒው መጣ። ሳየው ግን ልኩ አይደለም፤ በግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋል። ግማሽ ሚሊሜትር ምን አላት እንዳትለኝ፣ ውሃ የሚገባው በእሷ ነው። መልሼ ሌላ አዘዝኩ። መስታወቱም በመጫኛው ስጫነው ጠርዙ ላይ ጠቅ ብሎ ተሰነጠቀ። እሱም እንደገና ታዟል። ባለ ሱቁ ሰዓትህን ጠረጴዛዬ ላይ ባየ ቁጥር "ይሄ ሰዓት ጡረታውን እዚህ ሊያሳልፍ ነው?" ይለኛል።

አልከሳሁም ብለህ ለአክስቴ ንገራት። እንዲያውም ቀሚሴ ጠቦኛል።

በደብዳቤህ ጀርባ በእርሳስ ጽፈህ መልሰህ ያጠፋኸውን ጥያቄ በማጉያዬ አነበብኩት። መልሱ አዎ ነው፤ ተቀይሜህ ነበር። ባለፈው ስመጣ የመጥለቂያ ልብስህን ከውሃ ታንከሩ ኋላ የደበቅኩት ለተንኮል አልነበረም። የጆሮህን ደም ትራስህ ላይ አይቼ ነው። አንተ ግን "የሚያዘኝ ልጅ አልወለድኩም" ብለህ ከምግብ ተነሣህ። እኔም በማግሥቱ ሳልሰናበትህ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሳልሰናበት ለመሄዴ ይቅርታ አድርግልኝ። ልብሱን ለመደበቄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። ስለ ምሰሶው አሥራ ስምንትነት ነገርከኝ እንጂ ስለ ጆሮህ አንድ ቃል አልጻፍክም። እስኪ ቢያንስ ትራስህ ንጹሕ መሆኑን ጻፍልኝ።

ልጅህ ወረንጦ

.

ኅዳር 15

ለልጄ ለወረንጦ፣

ሰው ያጠፋውን ጽሑፍ በማጉያ ማንበብ ደግ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከምግብ የተነሣሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። ልብሱን ግን ከታንከሩ ኋላ አይጥ ክንዱ ላይ ቀዶት ነው ያገኘሁት፤ ይህንንም እወቂው። ትራሴ ንጹሕ ነው። አክስትሽ ትመስክር።

በሰዓቱ ነገር አትቸኩዪ። ረጋ ብለሽ ሥሪ፤ ግማሽ ሚሊሜትር እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አለቃው አሁንም በየጠዋቱ ይጠይቀኛል። "ጎሚኒው ገና አልመጣም" እለዋለሁ። አሁን አሁንማ ክሬን ነጂው ማንም ሳይጠይቀው ከላይ ሆኖ "ጎሚኒው ገና አልመጣም!" እያለ ይጮኻል። የግቢው ዘፈን ሆኗል።

እስከዚያው ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለው የአየር ቱቦዎቹን እንድፈትሽ አድርገውኛል። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ወንበሬን አወጣለሁ፣ ቱቦውን ጭኔ ላይ አሳልፋለሁ፣ ክንድ በክንድ እያጠፍኩ በጣቴ እዳብሳለሁ። ጭቃ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የዳበሰ ጣት ለዚህ ሥራ ይሆናል ለካ። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ከወደቡ አዲስ ጠላቂዎች አንዱ በማግሥቱ ይዞት ሊወርድ የነበረ ቱቦ ነው። አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ደግሞ ይህን ስሚ። ከወደቡ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ አለ። ጎሚኒ ጠፋ ብዬ ብነግረው ሳቀብኝና የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተልኝ። ሙሉ ነው፤ የእኔም ሰዓት ልክ አለበት። "አምጣው፣ ዛሬውኑ ልቀይርልህ" አለኝ። "ልጄ የምትሠራው ደህና ዕቃ መርጣ ነው" ብዬው አለፍኩ። አንቺ ጠፋ ካልሽ ጠፋ ነው።

ደብዳቤሽ የሚደርሰኝ በየሐሙሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አውቶቡሱን በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አባትሽ

.

ታኅሣሥ 5

አባዬ፣

ስለዚያ የብስኩት ቆርቆሮ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እያወቅክ ዝም ያልከኝ ይሁን በእውነት አምነኸኝ አልገባኝም። ካመንከኝ ደግሞ ይብሳል።

ዋሽቼሃለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሦስት ጊዜ ዋሸሁህ። ጎሚኒው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ከሐኪሙ ወረቀት ጎን። መስታወቱም አልተሰነጠቀም። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሰዓቱ ካልተሠራ አትወርድም፣ ካልወረድክ አትሞትም ብዬ ነው። አንተን የምይዝበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ግን አባዬ፣ አልቻልኩም። እኔ የሰው ሰዓት በጠረጴዛዬ ላይ በውሸት አሳድሬ አላውቅም። ሥራዬን ያስተማርከኝ አንተ ባትሆንም ሥራ ማክበርን የተማርኩት ከአንተ ነው። ዛሬ ጠዋት ተቀምጬ ሠራሁት። የአሮጌውን ጎሚኒ ቅሪት በእንጨት ስንጥር ከየቦዩ አወጣሁ፤ በብረት ከነካሁት ይቧጨራል። ሦስቱንም አዲስ ጎሚኒ ቅባት በስሱ አስነክቼ አስገባሁ። መስታወቱን ቀጥ አድርጌ ተጫንኩት። መሙያውንም እስኪጠብቅ አዞርኩት። ከዚያ ግፊት መሞከሪያው ውስጥ ከትቼ አንተ ከምትወርድበት እጥፍ ጥልቀት አሳየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻም አሙቄው መስታወቱ ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ አሳረፍኩ። ውስጡ እርጥበት ካለ ከጠብታዋ ሥር ጉም ይሠራል። አምስት ደቂቃ ሙሉ በማጉያዬ አየሁ። አንዳች የለም። እንዲህ የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እንዲህ እያለቀስኩም ሠርቼ አላውቅም።

አሮጌውን መስታወት በክብሪት ቀፎ አድርጌ አብሬ ልኬልሃለሁ። አትውረድ ብዬ እለምንሃለሁ፤ በውሸት ግን ከእንግዲህ አልይዝህም። ከወረድክም ውሃ በማያስገባ ሰዓት ውረድ።

ልጅህ

.

ታኅሣሥ 8

ለልጄ፣

ሰዓቱ ዛሬ ደረሰኝ። እጅሽ ይባረክ፣ አዲስ ሆኗል። ሹፌሩ አፈኛ ነው፤ አውቶቡሱን ሳያቆም "የመልህቁ ሰዓት መጣ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ክሬን ነጂው ከክሬኑ ወረደ። አለቃው በጁ ይዞ አገላብጦ አየውና "እንግዲህ ሰኞ" አለኝ። ሁሉም አጨበጨቡ።

እኔም እሺ አልኩ።

አባትሽ

.

ታኅሣሥ 13

አባዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ! ሱቁን ጥዬ ወጥቼ ለአክስቴ ደወልኩ። "በልቶ ተኝቷል" አለችኝ። ወርዶ ነበር ወይ ብላት "ራሴ እጽፍላታለሁ ብሎ አስምሎኛል፣ አልነግርሽም" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የእናንተ ቤት ሰው በሙሉ አንድ ነው!

በሕይወት መኖርህን ሰማሁ። ከሰኞ ወዲያ ማክሰኞ አለ፣ ረቡዕ አለ፣ አሥራ ስምንት ምሰሶም አለ። ያን ሰዓት ለምን ሠራሁት? ሹፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ምንም ይሁን ምን ጻፍልኝ። ብትዋሸኝም ግድ የለም፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ልጅህ

.

ታኅሣሥ 15

ለልጄ ለወረንጦ፣

አይዞሽ። አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ሰኞ ጠዋት አይጥ የበላውን ልብስ ለበስኩ፤ አክስትሽ ጥፋልኛለች። ሰዓቱን አሰርኩ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ግቢው ሁሉ ቆሟል። ሦስት ደረጃ ወረድኩ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ልጄ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ጥርት ብሎ ታይቶኝ አያውቅም። ጭረት የለ፣ ጉም የለ፣ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ይላል። የማመካኝበት ነገር አጣሁ። ሰዓቱ ደህና ነው፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ቱቦውን ራሴ ነኝ የፈተሽኩት። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ለሁለተኛ ጊዜ ጆሮዬ የተቀደደው ታች ሳለሁ ነው። ዓለም ዞረችብኝ። ወደ ላይ እየዋኘሁ የወጣሁ መስሎኝ በሙሉ ኃይሌ ስታገል ጭንቅላቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። ለካ ወደ ታች ነበር የምሄደው። በአጋጣሚ እጄ ምሰሶውን ባያገኘው እዚያው ቀርቼ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቼ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረደ ሰው ለወደብ ሰው "ፈራሁ" ማለት እንዴት እንደሚከብድ ልነግርሽ አልችልም።

ስለዚህ ሰዓቱን ላክሁልሽ። አንቺ እኔን በውሸት የያዝሽኝ መስሎሽ ታለቅሻለሽ። እኔ እኮ በውሸትሽ ሥር ተጠልዬ ነበር! ጎሚኒው ገና አልመጣም ባልሽኝ ቁጥር አንጀቴ ይርስ ነበር። የቆርቆሮውን ነገር የጻፍኩልሽ ለቀልድ ነው፤ ያው ቀልድ መስሎኝ ራሴን ጉድ ሠራሁ። ሰዓቱ ተሠርቶ ሲመጣ ምነው ትንሽ ብትዋሺኝ አልኩ። የሐኪሙንም ወረቀት እጄ ላይ ተገኝቶ ነው ብዬሽ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ እኮ አሮጌ ጋዜጣ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። እያወቅኩ ይሁን ሳላውቅ እስካሁን ለራሴም አልገባኝም።

እና ከመሰላሉ ላይ ዞሬ ወጣሁ። አለቃው "ሰዓቱ እምቢ አለ እንዴ?" አለኝ። "ሰዓቱ ደህና ነው። ጎሚኒው ያለቀው የእኔ ነው" አልኩና ጆሮዬን አሳየሁት። ከዚያ ያለ ቀልድም ነገርኩት፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ሁሉንም። አለቃው "እኔ እኮ ቱቦውን ከአንተ ሌላ ማንም እንዳይነካው ልልህ ነበር" አለኝ። ክሬን ነጂው ክሬኑ ላይ ሲወጣ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት። አየሁህ ስለው አቧራ ነው ይለኛል።

ከእንግዲህ አልወርድም። ይኸው ጻፍኩልሽ፣ በእርሳስም አይደለም።

ሰዓቱን በዚሁ ሹፌር መልሼ ልኬልሻለሁ። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት አለ፣ እሱ ይበቃኛል። የክብሪት ቀፎዋን ግን አልመልስም፤ ኪሴ ውስጥ ናት። አንቺ ሰዓቱን ክፈቺውና አንድ የተበላሸ ነገር ፈልጊበት። በሰባት ወር አንድ ያልጻፍሽ ልጅ እሱ አንቺ ጋ ካለ ወዲህ በየሐሙሱ ስታስጠብቂኝ ከርመሻል። ሐሙስ በሩ ላይ መቆም ለምጃለሁ።

አባትሽ

.

ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለአባዬ፣

ሰዓቱ ደረሰኝ። ደብዳቤህን እየሳቅኩም እያለቀስኩም ስላነበብኩት ባለ ሱቁ ክፉ ነገር የተረዳሁ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ሰዓቱን ሲያይ ግን "ደግሞ ተመለሰ?" ብሎ ውሃውን ራሱ ጠጣው።

እንዳልከኝ ከፈትኩት። መስታወቱን አየሁ፣ ክዳኑን አየሁ፣ መሙያውን አየሁ፣ ማጉያዬን ወልውዬ ደግሜ አየሁ። ከዚያ በሐኪምህ ወረቀት መልሼ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የምወደው አባቴ ሆይ፣ ነገሩ እንደፈራሁት ነው። ለአለቃህም ለክሬን ነጂውም ንገርልኝ፤ ጎሚኒው ገና አልመጣም።

ልጅህ ወረንጦ